በማሽላ አገዳ የጸና ጣውላ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለባሽር፣
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ወንድምጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ሰውነትህ ደህና ነው? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚይዝህ ጉልበትህስ ለቀቀህ ወይስ እንደ ክፉ እንግዳ ምንጣፉን ዘርግቶ ተኛብህ? ባለቤትህ ኢንቲሳር እንዴት ናት? ልጃችሁ ሀዚምስ? ባለፈው በላካችሁት ፎቶ ላይ ከትከሻህ በልጦ ሳየው፣ ይሄ ልጅ የሚበላው ምንድን ነው ብዬ ሀምዲንን ጠየቅኩት። የጅዳ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እዚህ ሐምሌ ገብቶ ደሴ ጉሟን ተከናንባለች፤ የጦሳን ተራራ ካየነው ሰነበትን። ቢሆንም አልሐምዱሊላህ ሁላችን ጤና ነን። እማም ጤና ናቸው፤ ሳሉ ለቋቸዋል። ምላሳቸው ግን እንደምታውቀው ነው፤ እሱ እንኳ ታሞም አያውቅ።

በኪስህ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። አንደኛ፣ የእማ ጎረቤት አብዱልባሲጥ፣ የሐዋ ባል፣ በዚህ ሳምንት ለዑምራ ይነሳል፤ ሲመለስ ጅዳ ላይ ያገኝሃል። በእሱ እጅ አንድ ዕቃ ልኬልሃለሁ፤ ዕቃ ደግሞ ያለ ወረቀት ሲሄድ ድዳ ነው። ሁለተኛ፣ በስልክ ወሬ ስጀምር አንተ እሺ እሺ፣ አጠር አርጊው ትለኛለህ። ወረቀት እሺ እሺ አይባልም። ስለዚህ ዛሬ እስክጨርስ ትሰማኛለህ። በጨርቅ የተጠቀለለችውን ዕቃ ግን ገና እንዳትፈታት። ጊዜው ሲደርስ ፍታ እልሃለሁ።

ጥያቄህን አልረሳሁም። ከረመዳን በፊት ደውለህ፣ ሩሚሳ ትምህርቷን ስትጨርስ ወደ እኔ ትምጣ፤ ሱቁ ሰፍቶብኛል፤ የማምነው ሰው እፈልጋለሁ፤ እንደ ልጄ አኖራታለሁ ብለኸኝ ነበር። እንደምታኖራትም አውቃለሁ። እኔም የመመረቂያ ሥራዋ እስኪፈተን ታገሰኝ አልኩህ። እሷ ደግሞ በዚያው ሰሞን እኔንና አባቷን አስቀምጣ የራሷን ቃል ተናገረች፤ ጣውላዋ ከጸናና የሚሠራላት ሰው ካገኘች እዚሁ እንደምትቀር፣ ካልሆነ ግን ሳታጉረመርም ሻንጣዋን ይዛ ወደ አጎቷ እንደምትሄድ። ያች ልጅ ቃሏን ስትናገር አባታችንን ነው የምትመስለው፤ ዓይኗ አይርገበገብም። ስለዚህ የልጄ መሄድና መቅረት እስከ ሰኔ ድረስ በአንድ ጣውላ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ።

ጣውላውን ታስታውሰዋለህ፤ የሳቅክበት ነው። አሮጌ ጀሪካን ቀልጦ፣ የማሽላ አገዳ ገብቶበት የሚሠራ ጣውላ ብዬ ስነግርህ፣ አንተ የባልዲና የጆግ ነጋዴው፣ «ራሂማ፣ ጭድ የሚገባው ጭቃ ውስጥ ነው፤ ልጅቷ ፕላስቲክ ልትመርግ ነው እንዴ?» አልከኝ። ቀጥለህም ሆድህን መታ መታ ስታደርግ በስልኩ ተሰማኝ፤ እኔን የሚችል ወንበር ከሠራች ያን ጊዜ አምናለሁ አልክ። የዚያን ቀን ማታ ለሩሚሳ ብነግራት እሷም ሳቀች። አጎቴ ሊቀልድ ብሎ ትክክለኛውን ነገር ተናገረው አለችኝ።

አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ይህን የእማን ቤት ሲያስመርጉ ትዝ ይልሃል? እኔና አንተ ሱሪና ቀሚሳችንን ሰብስበን ጭቃውን ስንረግጥ ጭዱ አለቀና የጓዳው ግድግዳ በባዶ ጭቃ ተመረገ። በጋ ሲመጣ ያ ግድግዳ ብቻ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ጭድ የገባበት ግን ዛሬም አለ፤ አሁን ዞር ብል ይታየኛል። የሩሚሳም ነገር ይኸው ነው። ጭቃው ጀሪካኑ ነው፤ ጭዱ አገዳው ነው። ጭቃው ልሰንጠቅ ሲል ጭዱ ወዲህና ወዲያ ይዞ የት ትሄዳለህ ይለዋል። ልዩነቱ እኛ በእግራችን ረገጥነው፤ እሷ ስንት ሲደረግበት ስንት ይችላል ብላ ለካችው።

አገዳውን የሰጣት ደምለው የሚባል የሐርቡ ገበሬ ነው፤ የሀምዲን የቆየ ወዳጅ። አባቷ ሀምዲን መጀመሪያ ላይ ቀልድ አብዝቶ ነበር፤ ልጄ አገዳውን ሁሉ ፕላስቲክ ውስጥ ከከተተችው የደምለው በሬዎች ጀሪካን ሊያመነዥኩ ነው እያለ። ሩሚሳ ግን የጠየቀችው በሬዎቹ የሚበሉትን አይደለም። በልተው ያንገዋለሉትን፣ በረት ጥግ ተጥሎ የሚቃጠለውን፣ ከሥሩ የወፈረውን አገዳ ነው። ደምለውም ይህንንማ ከወሰድሽልኝ በረቴን ጠረግሽልኝ ማለት ነው ብሎ በጆንያ እየሞላ ላከላት።

ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ ያለው ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። አገዳው ይሰነጠቃል፤ በሳሙና መሥሪያ ሶዳ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ታጥቦ ግቢው ውስጥ ይሰጣል። ሶዳው ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅኳት። አገዳው በላዩ ላይ ሰም የመሰለ ልባስ ስላለው ፕላስቲኩ ሊጨብጠው አይችልም፤ እጅሽን ቅቤ ተቀብተሽ ገመድ ብትስቢ ይይዝልሻል ወይ አለችኝ። ሶዳው ያን ቅቤ ያጥበዋል ማለት ነው። ደርቆ የሚቀረው ክር ቃጫ ስለሚመስል እኛም ቃጫ አልነው። እሱን በአጭር በአጭሩ ቆርጣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትወስድና ከቀለጠው ጀሪካን ጋር አደባልቃ በፎርማ ትጨምቀዋለች። ልክም አለው። ቃጫው ሲያንስ ጣውላው እንደ እርጥብ ቆዳ ይለመጣል፤ ሲበዛ ደግሞ ፕላስቲኩ ሁሉንም ማቀፍ ያቅተውና እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። ከአምስት እጅ አንዱ አገዳ ሲሆን ነው የሚያምርበት። እኔ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ የወደቅኩት ሴትዮ ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤልሃለሁ።

አሁን ወደ እማ ልምጣ። እማ በታህሳስ የደሴን ብርድ ሸሽተው እኛ ዘንድ እንደወረዱ ታውቃለህ። ዓይናቸው ስለደከመ ስፌቱን ተዉት እንጂ ስፌቱ እጃቸውን አልተዋቸውም፤ ያገኙትን ክር ሁሉ ይዳብሳሉ። ሩሚሳ ቃጫውን አድርቃ፣ በከረጢት አስራ፣ ከእማ አልጋ ግርጌ አስቀምጣው ነበር። ከእሱ የመጀመሪያውን ጣውላ ሠራች፤ የሚፈተንበትም ቀን ደረሰ። ዱዓ አድርገን ሸኘናት። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ከቦርሳዋ ስባሪውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ቁጭ አለች። ማሽኑ ገና ሊጫነው ሲጀምር ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነባት። ሀምዲን ስባሪውን አንስቶ ውስጡን አየው፤ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። «ይሄማ ቦክቷል ልጄ፤ ትንሽ ቢቆይ ዳቦ ይወጣው ነበር» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ሥራዋን የምታማክራት መምህርት ጽናት የተባለች ወጣት አስተማሪ ናት። እሷ ስባሪውን አይታ ውሃ ነው ብላታለች። ቃጫው ውስጥ እርጥበት ካለ በቀለጠው ፕላስቲክ ሙቀት እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ሲያጣም ቀዳዳ ሠርቶ እዚያው ይቀራል፤ ቀዳዳ ያለው ጣውላ ደግሞ ሸክም አይችልም። ሩሚሳ ግን አድርቄዋለሁ፣ በእጄ ስይዘው እስኪንኮሻኮሽ አድርቄዋለሁ እያለች ራሷን ይዛ ቀረች። ይኼን ጊዜ እማ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ ደግሞ በኩራት እኮ ነው፣ «መንኮሻኮሹንማ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ እኔ ባላርሰው ኖሮ» አሉ።

ወንድምጋሼ፣ እኛ የስፌት ሰው ልጆች ስለሆንን ይህን ለአንተ ማስረዳት የለብኝም። ደረቅ ስንደዶ ማን ይሰፋል? ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ጣት ይቆርጣል። ስፌት ሰፊ ሁሉ አክርማዋን ውሃ አርከፍክፋ በረጠበ ጨርቅ ትጠቀልላለች፤ የእማ ደግሞ ስንት ሙዳይና ሰፌድ ያሳለፈ ልማድ ነው። ሩሚሳ ትምህርት ስትሄድ ጠብቀው ከረጢቱን ፈትተው ውሃ ይረጩበታል፤ አገላብጠው ያሹታል፤ መልሰው ያስሩታል። ልጅቷ ስፌት አታውቅም፣ ጣቷን እንዳይቆርጣት ብዬ ነው አሉ። ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል፤ እኔም አላውቅም ነበር። ቃጫው ለምን በየጊዜው ሽታ እንደሚያመጣ ብቻ ይገርመኝ ነበር።

ሩሚሳን ሳቅ ያዛት፤ ሳቁ እንባ ሆነ፤ እንባው መልሶ ሳቅ። እማ ግን ነገሩ ሲገባቸው ተቀየሙ፤ በማንም ሳይሆን በራሳቸው። ነገውኑ ደሴ አድርሱኝ፤ ከእንግዲህ እኔ የሰው ሥራ ከማበላሸት ሌላ አልሆንም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አንተ እማን ስታውቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩበት ቀን አለ? ሩሚሳ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። «እማማ አብሽሩ። እርስዎ ባያርሱት ኖሮ ውሃ ምን እንደሚያደርግ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አላየውም ነበር። አሁን ዘበኛዬ ይሁኑልኝ» አለቻቸው። የረጠበውንም ጣውላ አልጣለችውም፤ ከደረቁ ጋር አወዳድራ ጽሑፏ ውስጥ አስገባችው።

ከዚያ ወዲያ እማን ብታያቸው ወላሂ ትስቅ ነበር። ግቢው ውስጥ ከተሰጣው ቃጫ አጠገብ ዱላቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሀምዲን የውዱእ ጆጉን ይዞ ሲያልፍ፣ «በዚያ ዙር፣ በዚያ ዙር» እያሉ በአጥሩ ጥግ ያስኬዱታል። ልብስ አጥቤ እንዳላሰጣ ከለከሉኝ። ደመና ብቅ ሲል ከሁላችን ቀድመው የሚያዩት እኚያ ዓይኔ ደከመ የሚሉት ሴትዮ ናቸው። ሀምዲን በጨርቅ ፋብሪካችን በር ላይ እንዲህ ያለ ዘበኛ ቢኖር አንድ ክር አይወጣም ነበር ይላል።

ሁለተኛው ጣውላ የተፈተነ ቀን እኔ አልነበርኩም፤ የሆነውን ከእሷ አፍ ነው የሰማሁት። ፈተናው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ማሽን ጣውላውን በሁለት ጫፉ ነክሶ እስኪበጠስ ይጎትተዋል። ሌላው በሁለት ድጋፍ ላይ አጋድሞ መሃሉን ይጫነዋል፤ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ሦስተኛው እንደ መዶሻ ተወዛውዞ ይመታዋል። እኔ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኩ ጮኸ። ሩሚሳ ሰላምታም አላቀረበች፤ «እማዬ፣ ጸና» ብቻ አለችኝ። ሲጎትቱት ጸና፤ ሲጫኑት ደግሞ ካልተቀላቀለው ፕላስቲክ እጅግ በልጦ ቀጥ አለ። ሽንኩርቱ ነው እያልኩ አለቀስኩ። እማ ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ ቃጫቸው ተመለሱ፤ የቀረው እንዳይነካባቸው።

እንግዲህ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ሩሚሳ የሚሠራልኝ ሰው ካገኘሁ ብላ እንደነበር አስታውስ። ያ ሰው ጀሚል ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የወዳደቀ ፕላስቲክ አቅልጦ በርጩማ የሚሠራበት ወርክሾፕ አለው። የሩሚሳን ነገር ሰምቶ ገና ከመጋቢት ጀምሮ ይመላለስ ነበር፤ አሠራሩንም ሳትደብቅ አሳይታዋለች። የእሱ ሐሳብ የቲማቲም ሳጥን ነው። የገራዶ ገበሬዎች ቲማቲማቸውን በእንጨት ሳጥን ወደ ሰኞ ገበያ ሲያመጡ እንጨቱ እየተሰነጠቀ፣ ሚስማሩ እየወጋው ግማሹ መንገድ ላይ ይፈርጣል። ከአገዳ ጣውላ ሳጥን ብሠራ ደሴ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁሉ የእኔ ደንበኛ ነው ይል ነበር። ሩሚሳንም ከተመረቅሽ እኔ ጋ ትሠሪያለሽ ብሏታል።

ሥራዋን በመምህራን ፊት ያቀረበችበት ቀን ከዒድ በኋላ ነበር። እኔና ሀምዲን ከኋላ ተቀመጥን፤ ጀሚልም መጥቶ ከጎናችን ተቀመጠ፤ ሽቶ ተቀብቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ። ልጄ ነጭ ሒጃቧን አድርጋ ቆማ ስትናገር፣ ይህችን እኔ ነኝ የወለድኳት ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ስለ ጭቃና ጭድ ስትጀምር የአጎቷ ቃል ነው ብዬ ለጀሚል በጆሮው ነገርኩት። ሁሉም በደህና ሄደ። በመጨረሻ አንዱ ፈታኝ፣ ይህ ጣውላ ለአትክልት ሳጥን ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቃት። ጀሚል ወንበሩ ላይ ቀና አለ። እኔም ቀና አልኩ።

እሷ ግን እንዲህ አለች፤ «ለሳጥን አላምነውም። በመዶሻው ፈተና አገዳ የሌለበት ፕላስቲክ ይበልጠዋል። የቲማቲም ሳጥን ከመኪና ላይ ይወረወራል፤ የእኔ ጣውላ ሰው ቢቀመጥበት ይችላል፤ ቢወረውሩት ግን አይችልም።»

ወንድምጋሼ፣ የሀምዲንን ክንድ ቆነጠጥኩት። ዝም ብትል ምን ነበረበት? የጠየቃት ሰው ራሱ መልሱን አያውቀው። ጀሚል ሸሚዙን አስተካክሎ ተነስቶ ወጣ፤ ለፎቶ እንኳ አልጠበቀም። ፈታኞቹ ከፍተኛ ውጤት ሰጧት፤ መምህርት ጽናትም አቅፋ ሳመቻት። በባጃጅ ስንመለስ ግን ሩሚሳን፣ ነጋዴ ከፊትሽ ተቀምጦ ዕቃሽን እንዴት ታጣጥያለሽ አልኳት። ሀምዲን ነው የመለሰልኝ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ስሠራ ማሽን የጎዳው ሰው ሳይ፣ ሁልጊዜ ከጀርባው አንድ ይችላል ብሎ የፈረመ ሰው ነበረ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሩሚሳ መጣችና የአጎቴን አዲሱን ስልክ ቁጥር ስጪኝ አለችኝ። ጣውላው ጸንቷል፤ የሚሠራው ሰው ግን ሄዷል፤ ቃሌ ቃል ነው አለች። ዓይኗ አልተርገበገበም። ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ አየኋት። አንተ ክፉ ሆነህ አይደለም የከፋኝ፤ ቤትህ ቤቷ ነው። ግን ያ ሁሉ አገዳ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ፣ የእማ ዘበኝነት፣ ለሱቅ ቁልፍ ነበር እንዴ አልኩ። ቁጥሩ የለኝም ብዬ ዋሸኋት። ጁሙዓ እስኪያልፍ ታገሺኝ፣ አባትሽ ዘንድ ይገኛል አልኳት።

ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጀሚል ነው። ሽቶ የለ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የለ፤ እጁ ላይ ደግሞ የሳጥን ማዕዘን የሚመስል ስባሪ ይዟል። አልቀመጥም ብሎ ቆመ። የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ልጅቷ ፈርታ ነው ብዬ በራሷ አሠራር ሳጥኑን ሠራሁት አለን። ቲማቲም ሞልቶበት፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ፣ ተሸካሚዎቹ እንደ ወትሮው ይወርውሩት ብሎ ቆሞ አየ። ቲማቲሙ በአንድ በኩል፣ ማዕዘኑ በሌላ በኩል። ከዚያ ወደ ሩሚሳ ዞሮ ስባሪውን ሰጣትና እንዲህ አላት፤ «እህቴ፣ አንቺ ዝም ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ገበያ መሃል ቲማቲም እየለቀምኩ ስሰደብ እውል ነበር። መኪና ላይ የሚወጣውን ሳይሆን መሬት ላይ የሚቀመጠውን እንሥራ።»

እማ ከመደባቸው ሆነው፣ አግዳሚ ሥራ፤ እኔ ደጅ ላይ የምቀመጥበት ድንጋይ ወገቤን ገደለኝ አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ ጀሚል ግን አልሳቀም፤ አሰበው። አግዳሚ ወንበር አይወረወርም። ይቀመጡበታል፤ ያ ደግሞ ጣውላው ከሁሉ የሚችለው ነገር ነው። አሁን ሩሚሳ እሱ ወርክሾፕ ውስጥ ትሠራለች። ቃጫው መድረቁን ሳታረጋግጥ ማሽን አይነሳም፤ ሠራተኞቹ ከአሁኑ ይፈሯታል። ጀሚል ለጤና ጣቢያ ተራ መጠበቂያና ለመስጊድ በረንዳ አግዳሚ እንዲሠራ ታዟል፤ ደምለውም የጎረቤቶቹን በረት ሁሉ እየጠረገ ነው። የመጀመሪያው አግዳሚ ግን የማን እንደሆነ ትገምታለህ። ባለፈው ሳምንት እማን ወደ ደሴ ስንመልሳቸው እሱም አብሮን ዳገቱን ወጣ።

ይኸው የእማ ደጅ ላይ፣ ከበረንዳው ሥር ተቀምጧል። ቢጫ ነው፤ ከቢጫ ጀሪካን ስለሆነ፤ በውስጡም የአገዳው ቡናማ ጭረት ይታያል። በመጣ ማግስት ሥጋ ነጋዴው ሐጂ መሕሙድ ሊመርቁ መጡ። እሳቸው በውፍረት ከአንተ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። እሳቸው ተቀመጡ፤ ወንድማቸው ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ሐዋ ልጇን ታቅፋ ተቀመጠች፤ እኔም ምን ቀረኝ ብዬ ገባሁበት። እማ ፊት ለፊት ቆመው ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩ። አልተለመጠም፤ አልጮኸም። ሐጂ መሕሙድ ይህ ምንድን ነው፣ ብረት አለበት እንዴ አሉ። እማም፣ አንተ እዚያ ሆነህ ብታያቸው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «በሬ የተረፈው አገዳ ነው፤ የልጅ ልጄ ናት የሠራችው፤ ዘበኛው እኔ ነበርኩ» አሏቸው። ይህን ሁሉ የጻፍኩልህም እዚያው ላይ ተቀምጬ ነው፤ ዝናቡ ፊቴ ላይ እያካፋ።

አሁን ጨርቁን ፍታ። በእጅህ ያለችው ቁራጭ ማሽኑ ከፈተነው ከዚያው ጣውላ የተቆረጠች ናት፤ ውፍረቷ ጣት ያህላል። በሁለት እጅህ ያዝና ስበራት። መዶሻ ግን አይፈቀድም፤ ሩሚሳ ራሷ መዶሻን አልችልም ብላለችና። ከተሰበረችልህ ደውልልኝ፤ ሻንጣው እንዳለ ነው፤ ልጅቷን እልክልሃለሁ። ካልተሰበረች ግን እሷ ቀርታለች፤ መምጣት ያለብህ አንተ ነህ። እኔን የቻለ ወንበር ብለህ ነበር እኮ። የአግዳሚው የቀኝ ጫፍ ላይ እስከ ዛሬ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ሐጂ መሕሙድ እንኳ ወደዚያ ሰፋ ሊሉ ሲቃጣቸው እማ በዱላቸው ነካ አድርገው፣ «እሱ የባሽር ነው» ብለዋቸዋል።

ኢንቲሳርን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ሽቶ ደርሶኛል፤ ሀምዲን ሳይሰርቀኝ እየተቀባሁት ነው። ሀዚምን ቁመቱ ከደረሰበት ጎንበስ አድርገህ ግንባሩን ሳምልኝ፤ ቁራጯን እሱም ይሞክራት፤ ጉልበቱን እንይ። ሀምዲን በጣም ሰላም ብሎሃል፤ በሬዎቹ ጀሪካን አልበሉም በይልኝ ብሏል። ሩሚሳ እጅህን ትስማለች፤ ስለ ጭዱ ቃል ምስጋናዋን ጽሑፏ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍራልሃለች፤ አጎቴ ብላ፣ በስምህ። ሐዋና ልጆቿም ሰላም ብለውሃል። እማ ዱዓቸው አይለይህም፤ አላህ በሰላም ያገናኘን ብለዋል። አሁንም ከጎኔ ሆነው፣ ቁራጯን ውሃ እንዳያስነካት ጻፊለት ይሉኛል። ጣውላ ከሆነች በኋላ ውሃ አይጎዳትም ብላቸው አልሰማ አሉኝ፤ እኔም ጻፍኩ።

እህትህ ራሂማ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ እማ ደጅ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.